ፓቹ ገባ፣ ስክሪኑ ጠቆረ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ናቸው፤ ጉዳያቸውም አንድ ነው፦ በጃፓን ብቻ ተሸጠው የቀሩ የድሮ ቪዲዮ ጌሞች፣ አድናቂዎች በነጻ የሠሩላቸው ትርጉሞች («ፓች» የሚባለው ጌሙ ፋይል ላይ ለውጡን የሚያስገባ ትንሽ ፋይል ነው)፣ እንዲሁም ካርትሪጁና ዲስኩ ሳይበላሹ የሚቆዩበት መንገድ። ረዥም መልስ የሚፈልገውን አስረዝመናል፤ በሁለት መስመር የሚያልቀውን አላንዛዛንም።

ጥያቄ፦ «ሴይከን ዴንሴትሱ 3» የተባለውን የሱፐር ፋሚኮም (የጃፓን የጌም ኮንሶል) ጌም በላፕቶፔ ላይ በኢሙሌተር፣ ማለትም ኮንሶሉን በሚያስመስል ፕሮግራም ልጫወት ብዬ አድናቂዎች የሠሩትን የእንግሊዝኛ ፓች አስገባሁበት። ፓች ማስገቢያው ፕሮግራም «ተሳክቷል» ይለኛል፤ ጌሙን ስከፍተው ግን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ደግሜ ባስገባውም ያው ነው። የጌሙን ፋይል ያገኘሁት ከጓደኛዬ በቴሌግራም ነው። — የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን

መልስ፦ «ተሳክቷል» የሚለውን አትመነው። የያዝከው የአይፒኤስ ፓች ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ፋይል ውስጡ በጣም ቀላል ነው። በ5 ባይት መለያ ይጀምራል፣ በ3 ባይት መዝጊያ ያበቃል፤ በመሃል ያለው «ከዚህ ቦታ ጀምረህ ይህን ያህል ባይት በዚህ ተካ» የሚል የትእዛዝ ድርድር ብቻ ነው። ቦታው በ3 ባይት፣ ርዝመቱ በ2 ባይት ይጻፋል። የሚተካው ፋይል ትክክለኛው ጌም ይሁን አይሁን የሚያጣራበት ምንም ነገር የለውም። የሰርግ ፎቶ ብትሰጠውም «ተሳክቷል» ብሎህ ፎቶውን ያበላሸዋል።

አንተ ጋ የተፈጠረው የ512 ባይት ጣጣ ይመስላል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ካርትሪጅን ወደ ፍሎፒ የሚገለብጡት መሣሪያዎች በፋይሉ ራስ ላይ ለራሳቸው የሚያገለግል 512 ባይት ይጨምሩ ነበር። ይህ ራስጌ ከጌሙ አይደለም፤ በካርትሪጁ ቺፕ ላይም የለም። ፓቹ የተሠራው ራስጌ ላለው ፋይል ሆኖ ያንተ ፋይል ራስጌ ከሌለው፣ ወይም ነገሩ ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ለውጥ ከቦታው 512 ባይት ተንሸራቶ ይወድቃል። ለንግግር የታሰበው ፊደል የፕሮግራሙ ትእዛዝ ላይ ያርፋል፤ ፕሮሰሰሩም ትርጉም የሌለው ነገር እንዲሠራ ታዞ እዚያው ይሞታል።

ማጣራቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዊንዶውስ ላይ የፋይሉን «ፕሮፐርቲስ» ክፈትና «ሳይዝ» በሚለው ፊት በቅንፍ ያለውን ሙሉ የባይት ቁጥር አንብብ። ከሥሩ ያለው «ሳይዝ ኦን ዲስክ» ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱን እያነበበ ነው። ይህ ጌም 32 ሜጋቢት ነው፤ ስለዚህ ንጹሑ ፋይል ልክ 4,194,304 ባይት መሆን አለበት። 4,194,816 ካገኘህ ራስጌ አለው። ለሌላ የሱፐር ፋሚኮም ጌም ደግሞ መጠኑን ለ1024 አካፍል፦ ቀሪው 0 ከሆነ ራስጌ የለም፣ 512 ከሆነ አለ። ሌላ ቁጥር ከቀረ ፋይሉ ሲወርድ ተቆርጧልና ጣለው።

ቀጥሎ ከፓቹ ጋር የመጣውን የጽሑፍ ፋይል አንብብ። ፓቹ «ሄደር» ላለው ወይስ ለሌለው ፋይል እንደተሠራ፣ ብዙ ጊዜም የመነሻውን ፋይል ሲአርሲ32 (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ የማረጋገጫ ቁጥር) ይነግርሃል። ራስጌ መቀነስ ካስፈለገህ በሄክስ ኤዲተር (ፋይልን ባይት በባይት በሚያሳይ ፕሮግራም) የመጀመሪያዎቹን 512 ባይት መርጠህ አጥፋ። መተካት ሳይሆን ማጥፋት፤ የፋይሉ መጠን መቀነስ አለበት።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ግን አሁን በእጅህ ባለው ፋይል ላይ አይደለም። እሱ ሁለት ጊዜ ተለጥፎበታል፤ አይፒኤስ ደግሞ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። ንጹሕ ቅጂ ይዘህ ጀምር፤ ቅጂውንም «ሪድ ኦንሊ» አድርገህ ለብቻው አስቀምጠው። ንጹሕነቱን የሚነግርህ የፋይሉ ስም ሳይሆን ቼክሰሙ፣ ማለትም እንደ ሲአርሲ32 ያለው የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ኖ-ኢንትሮ የተባለው የካርትሪጅ መዝገብ የእያንዳንዱን ጌም ሲአርሲ32 እና ሻ-1 የተባለውን ሌላ ቼክሰም ይዟል፤ ካንተ ጋር አስተያየው። ሌላም መፈተሻ አለ፦ የሱፐር ፋሚኮም ጌም በውስጡ ሁለት የማረጋገጫ ቁጥሮች ይዟል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 65,535 መምጣት አለበት። ብዙ ኢሙሌተሮች ይህን በራሳቸው ያሳያሉ። ፓች ከገባ በኋላ «ቼክሰም ተሳስቷል» ቢሉህ ግን አትደንግጥ፤ አንዳንድ ተርጓሚዎች ቁጥሩን አያስተካክሉትም፣ ጌሙም አይታመምበትም።

ቢፒኤስ የተባለውን ሌላ ዓይነት ፓች ካገኘህ አይፒኤሱን ተወው። ቢፒኤስ የመነሻውን፣ የውጤቱንና የራሱን ሲአርሲ32 ይዞ ስለሚዞር ፋይሉ የተለየ ከሆነ እምቢ ይላል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ዋናውን ፋይል ጨርሶ አለመንካት ነው፦ ፓቹንና ጌሙን አንድ ፎልደር ውስጥ በአንድ ስም አስቀምጣቸው፤ አብዛኞቹ ኢሙሌተሮች ፓቹን በሚሞሪ ላይ ብቻ ያስገቡታል። እዚህ ላይ የሚያሰናክለው ዊንዶውስ የፋይል ዓይነትን መደበቁ ነው፤ ስሙን ሲቀይሩት መጨረሻው ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይቀርና ኢሙሌተሩ አያገኘውም። ከፓቹ በፊት የያዝከውን «ሴቭ ስቴት» (ኢሙሌተሩ ራሱ የሚያስቀምጠውን የሚሞሪ ቅጂ) ደግሞ አትክፈት፤ የድሮውን ሚሞሪ እንዳለ ይዞ ይመጣል። ጌሙ ውስጥ ከማረፊያ ቦታ የተቀመጠው ሴቭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከጃፓን አንድ ሱፐር ፋሚኮምና አንድ የመጀመሪያውን ቀይና ነጭ ፋሚኮም ከነአዳፕተራቸው ላከልኝ። ከመሰካቴ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው። — የጌም ቤት ባለቤት፣ ሸዋ ሮቢት

መልስ፦ እንኳን ሳይሰኩ ጠየቁ። የጃፓን ቤት ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የመጣልዎት አዳፕተር ለ100 ብቻ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር ስለሆነ እኛ ሶኬት ላይ ይቃጠላል። ጫፉ ያልተለመደ መስሎ ከታየዎት መለወጫ ሶኬት ገዝተው አይሞክሩ፤ መለወጫው ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይለውጥም።

ሁለቱም ኮንሶሎች የሚፈልጉት 10 ቮልት ዲሲ፣ 850 ሚሊአምፔር ነው። ትልቅ የቮልት መቀነሻ ከመግዛት ይልቅ 220 የሚቀበል፣ 9 ወይም 10 ቮልት ዲሲ የሚያወጣ፣ 1 አምፔር የሆነ አዳፕተር ይፈልጉ፤ ጫፉ 5.5 በ2.1 ሚሊሜትር ይሁን። ወጥመዱ ፖላሪቲው ነው። የራውተርም የሌላውም አዳፕተር አብዛኛው መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፤ እነዚህ ኮንሶሎች ግን መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ ይፈልጋሉ። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ መሃል፣ ጥቁሩን ውጭ ያስነኩ፤ ቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት መታየት አለበት። ካልታየ ገመዱን ቆርጠው ሁለቱን ሽቦዎች ያለዋውጡና እንደገና ይለኩ። ተገልብጦ ከተሰካ ብዙ ጊዜ በውስጥ ያለው ፊውዝ ይሄዳል፤ ዕድል ካልቀናም ሌላ ነገር ይከተላል።

ባለ 12 ቮልቱን የራውተር አዳፕተር «ትንሽ ነው የሚበልጠው» ብለው አይጠቀሙ። ኮንሶሉ ውስጥ 7805 የሚባል ሬጉሌተር አለ፤ የሚገባውን ሁሉ ወደ 5 ቮልት ያወርድና ትርፉን በሙቀት መልክ ያወጣዋል። በ9 ቮልት 4 ቮልት ያቃጥላል፣ በ12 ቮልት ደግሞ 7። ደብረ ብርሃን ላይ ምናልባት ይታገሥ ይሆናል፤ በሸዋ ሮቢት የቀትር ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን አንመክርም።

ምስሉን በተመለከተ ሱፐር ፋሚኮሙ በቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ይወጣል። ጃፓን የምትጠቀመው ኤንቲኤስሲ የተባለውን የምስል ሥርዓት ስለሆነ የቆየ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ሊያሳይ ይችላል፤ ጠፍጣፋዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ይህንንም የእኛንም ይቀበላሉ። ችግሩ ፋሚኮሙ ላይ ነው። እሱ የሚወጣው በአንቴና ብቻ ሲሆን፣ የሚልክበት የጃፓን ቻናል 1 እና 2 ከ90 እስከ 102 ሜጋኸርትዝ ያለው ክልል ነው። እኛ ጋ ይህ የኤፍ ኤም ራዲዮ ሰፈር ነው። የቻናል 2 የምስል ሞገድ 97.25 ላይ ነው፤ ማለትም ከኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ጎን። ቴሌቪዥንዎ በዚያ ክልል ቻናል አይፈልግም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ቢያስሱ አያገኙትም። መፍትሔው ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ጠጋኝ የቪዲዮ ሲግናሉን ከቦርዱ ላይ ወስዶ፣ በአንድ ትራንዚስተር አጠናክሮ ወደ ቢጫ ገመድ እንዲያወጣልዎት ነው።

ጥያቄ፦ የሱፐር ፋሚኮም ካርትሪጆች አሉኝ። በአንዱ ያስቀመጥኩት ሴቭ በማግስቱ ጠፍቶ ይጠብቀኛል። የሌሎቹ ፒን ደግሞ አረንጓዴ እየሆነ ነው፤ እፍ ስልባቸው ለጊዜው ይሠራሉ። — ደብረ ሲና

መልስ፦ እፍ ማለቱን ዛሬውኑ ይተዉ። ለጊዜው የሠራው በትንፋሽዎ ሳይሆን አውጥተው ሲመልሱት ፒኑ ስለተፋቀ ነው፤ ትንፋሹ የጨመረው እርጥበት ብቻ ነው። ለደብረ ሲና ደግሞ እርጥበት አያንሳትም፤ የጣርማ በር ጉም ቤት ድረስ ይገባል።

አረንጓዴው የመዳብ ዝገት ነው። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በኮተን ነክረው ፒኖቹን ከላይ ወደ ታች ይጥረጉ፤ ኮተኑ ጥቁር ማውጣት እስኪያቆም ይቀያይሩ። ያገኙት የፋርማሲው ባለ 70 በመቶ ከሆነም ይሠራል፤ 30 በመቶው ውኃ መሆኑን አስበው ከመሰካትዎ በፊት አንድ ሰዓት ያድርቁት። የብርጭቆ ወረቀት አያስነኩ፤ ላዩ ላይ ያለው ወርቅ እጅግ ስስ ነው፣ ከተፋቀ በኋላ ዝገቱ በእጥፍ ይመለሳል። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲያስገቡት በላስቲክ እንደታሰረ ለጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ ጤዛው ላስቲኩ ላይ ይረፍ። በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን ትንንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶችም አይጣሏቸው።

የሚጠፋው ሴቭ የባትሪ ነው። ካርትሪጁ ውስጥ ሲአር2032 የተባለ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ተበይዷል፤ ዕድሜው አልቋል። ብሎኑ የተለመደ አይደለም፣ 3.8 ሚሊሜትር ልዩ መፍቻ ይፈልጋል። መፍቻው ከጠፋ የፕላስቲክ እስክርቢቶ ቀፎ ጫፉን በእሳት አለስልሰው ብሎኑ ላይ ይጫኑት፤ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይዞ ጥቂት ብሎኖች ይፈታል። ባትሪውን እንዳለ በቴስተር ይለኩ፦ ከ2.5 ቮልት በታች ከሆነ ይቀየር። በሌሎቹ ካርትሪጆች ላይ ገና ያልጠፋና የሚሳሳለት ሴቭ ካለ፣ ባትሪው ከመነቀሉ በፊት በካርትሪጅ አንባቢ ወደ ኮምፒውተር ይቀዳ፤ ባትሪው ሲነሳ ሴቩም አብሮ ይሄዳልና።

አዲሱን ሲገዙ ሁለት የብረት ምላስ የተበየደለትን ይፈልጉ። እግር የሌለውን ባትሪ ራሱን በመበየጃ ማሞቅ አደገኛ ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል። ምላሱ ካልተገኘ የባትሪ ማስቀመጫ ሶኬት ያስበይዱ፤ ክዳኑ እንዲገጥም ግን ቁመቱን አስቀድመው ይለኩ። ቦርዱ ላይ የተጻፈውን የመደመር ምልክት ይከተሉ። ሲጨርሱ ጌሙ ባዶ ወይም የተበላሸ ሴቭ ቢያሳይ ልክ ነው፤ አዲስ ሴቭ ያድርጉ፣ ካርትሪጁን ነቅለው ያሳድሩት፣ ጠዋት ይዩት።

ጥያቄ፦ የፒሲ ኢንጂን (የጃፓን ኮንሶል) ሲዲ ጌም በአይሶ ፋይል አለኝ። ጌሙ ይከፈታል፣ ሙዚቃ ግን የለውም። የትርጉም ፓቹም እምቢ አለ። — ዓለም ከተማ

መልስ፦ ሙዚቃው ፋይሉ ውስጥ የለም። የዚያ ዘመን ሲዲ ዳታና ተራ የኦዲዮ ትራኮችን አብሮ ይይዛል፤ አይሶ ግን የአንዱን የዳታ ትራክ 2,048 ባይት በየሴክተሩ ብቻ ይወስዳል። ሙሉው ሴክተር 2,352 ባይት ነው። የሚያስፈልግህ የቢንና የኪው ጥንድ ነው፤ ቢን ሙሉዎቹን ሴክተሮች የያዘው ፋይል ሲሆን ኪው የትኛው ትራክ ከየት እንደሚጀምር የሚናገር አጭር ጽሑፍ ነው። ፓቹም የተሠራው ለእሱ ስለሆነ አይሶው ላይ አይገባም። የዲስክ ቼክሰም የሚመሳከረው ከሬዳምፕ መዝገብ ጋር ነው። ቦታ ለመቆጠብ ሲኤችዲ ወደተባለው የታመቀ የዲስክ ፋይል መቀየር ትችላለህ፤ ምንም አይጎድልበትም፣ ፓቹን ግን ከመቀየርህ በፊት አስገባ።

ጥያቄ፦ የቋንቋ መምህርት ነኝ። ፕሮግራም ከሚያውቅ የሥራ ባልደረባዬ ጋር አንድ የጃፓን ጌም በአማርኛ ልናወጣ አስበናል። ፊደላችን ብዙ ስለሆነ አይገባም የሚሉን አሉ። እውነት ነው? ከየትስ እንጀምር? — መሐል ሜዳ፣ መንዝ

መልስ፦ ይገባል። በአንድ ነገርማ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለአማርኛ ይቀላል። የጃፓን ካና እንደ ፊደላችን በክፍለ ቃል የሚጻፍ ነው። «ዶ-ራ-ጎ-ን» በካና አራት ምልክት ነው፤ እንግሊዝኛው ስድስት ይፈልጋል፤ «ድራጎን» አራት ፊደል ነው። ጌሞቹ ለጀግናና ለዕቃ ስም የሚሰጡት ቦታ አራት፣ አምስት ካና እየሆነ የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎችን ዓመታት አስለፍቷቸዋል፤ ስም ለማስረዘምና ቀጫጭን ፊደል ለማስጠጋት የጌሙን ፕሮግራም እስከመጻፍ ደርሰዋል። እናንተ አብዛኛውን ስም ካለበት ቦታ ላይ ትጽፉታላችሁ።

የሚጠበው ቁጥሩ ነው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። አንድ ባይት 256 ዓይነት ኮድ ይይዛል፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ «መስመር ቀይር»፣ «የጀግናውን ስም አስገባ»፣ «ቁልፍ እስኪጫን ጠብቅ» የሚሉ መቆጣጠሪያ ኮዶች፣ 10 አኃዞችና ሥርዓተ ነጥብ ይቀመጣሉ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ከነቤታቸው ብትቀንሱ 196 ይቀራል፤ ቨን ስትጨምሩ 203፤ እንደ ሏ፣ ሟ፣ ቋ፣ ጓ ያሉት ወደ 20 ይጠጋሉ። በግድ ገባ ማለት ነው። ነገር ግን «ፀሐይ» «ጸሀይ» ሆና ስትነበብ ቅር የሚለው አንባቢ ብዙ ነው፤ እኛም ከነሱ ነን። ስለዚህ ካንጂ (ከቻይና የመጡት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የጃፓን ምልክቶች) ያለውንና አንዱን ምልክት በሁለት ባይት የሚጽፍ ጌም ምረጡ፤ ያኔ ለማንም ፊደል ቦታ አታጡም።

ይህ ኮንሶሉንም ይመርጥላችኋል። ፋሚኮም ለመጀመሪያ ሥራ የሚመች ቢመስልም አይመችም። ለጀርባ ምስል በአንድ ጊዜ የሚያቀርበው 256 ባለ 8 በ8 ነጥብ ምስል ብቻ ነው፤ ሣሩም፣ ግድግዳውም፣ የንግግሩ ሳጥን ጠርዝም የሚወጡት ከዚያው ነው። ጃፓኖቹ ራሳቸው ስለጠበባቸው የካናውን ድምፅ የምትቀይረውን ነጥብ (ካን ጋ የምታደርገውን) ከካናው በላይ ባለው ረድፍ ለብቻዋ ያስቀምጧት ነበር። የእኛን እግርና ቀለበት እንዲህ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ሱፐር ፋሚኮም፣ ጌም ቦይ አድቫንስ ወይም ፕሌይስቴሽን ይሻላል።

ስምንት በስምንት ሌላም ችግር አለው። ሊ እና ሌን ሥላችሁ እዩ፦ የሌ ቀለበት ክፍት ሆኖ እንዲታይ ቢያንስ 3 በ3 ነጥብ ይፈልጋል፤ ከፊደሉ አካል ጋር ሲጨናነቅ መሃሉ ይደፈንና ሊ ይመስላል። ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ የሚለዩት በራስ ላይ ባለ አንድ ረድፍ ነጥብ ነው። 12 በ12 በቂ ነው፣ 16 በ16 ምቹ ነው። የኮምፒውተር ፎንት አሳንሳችሁ አትገልብጡ፤ ሲያንስ ነጥቡ ይበታተናል፣ በእጅ ይሣል። ቦታው ብዙ አይደለም፦ ባለ 16 በ16 አንድ ቀለም ፊደል 32 ባይት ነው፣ 231ዱ በድምሩ 7,392 ባይት።

ጽሑፉን ለማግኘት ጌሙ የራሱ ኮድ እንዳለው አስቡ፤ ስለ ዩኒኮድ የሚያውቀው ነገር የለም። በጌሙ ፋይል (ሮሙ) ውስጥ «ሳኩራ» የሚለውን ለመፈለግ ኮዱን ማወቅ አያስፈልግም፣ የካናን ቅደም ተከተል ማወቅ ይበቃል፦ ከሳ ወደ ኩ 3 ወደ ኋላ፣ ከኩ ወደ ራ 31 ወደ ፊት ነው። ይህን ልዩነት የሚፈልግ ፕሮግራም በፋይሉ ውስጥ ተመሳሳዩን ያወጣላችኋል። በሦስት ካና ብዙ የውሸት ውጤት ይመጣል፤ ስክሪን ላይ ያነበባችሁትን ስድስት፣ ሰባት ካና ያለው ሐረግ ስጡት። አንድም ካልመጣ ወይ ጽሑፉ ታምቋል፣ ወይ የጌሙ ካና በተለመደው ተራ አልተደረደረም፤ ሁለተኛው ከሆነ የፎንቱን ምስል በታይል ኤዲተር (የጌሙን ትንንሽ ምስሎች በሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍታችሁ ተራውን እዩት። የታመቀ ከሆነ ለጀማሪ ይከብዳልና ሌላ ጌም ፈልጉ። ፕሌይስቴሽን ላይ ብዙ ጊዜ ሺፍት-ጂስ የተባለው የታወቀ ኮድ ስላለ ይህ ድካም ይቀንሳል።

ከዚያ ፖይንተር ይመጣል፤ እያንዳንዱ ንግግር ከየት እንደሚጀምር የሚጠቁም ቁጥር ነው። ሎሮም በሚባለው የአድራሻ አደረጃጀት በተሠራ ካርትሪጅ የመጀመሪያው ባንክ (የሚሞሪ ክፍል) ውስጥ አንድ ንግግር አድራሻው 9245 ቢሆን (ቁጥሮቹ ሁሉ በ16 ቤት ናቸው) ፋይሉ ውስጥ ተገልብጦ 45 92 ሆኖ ይጻፋል። ንግግሩ ራሱ የሚገኘው 8000 ተቀንሶ 1245 ላይ ነው። 1445 ላይ ካገኛችሁት ያ የተረገመ 512 ባይት ራስጌ አለ ማለት ነው፤ 512 በ16 ቤት 200 ነው። አንዱን ንግግር ስታስረዝሙ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይገፋሉ፤ ፖይንተሮቹን ያላስተካከለ ሰው ነጋዴው በንጉሡ አንደበት ሲናገር ያገኘዋል።

ለእርስዎ ሙያ የሚቀርበው ግን ሰዋስው ነው። የጃፓንኛ ግሥ ጾታ አይለይም፤ እንግሊዝኛውም «ዩ» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን መጣህ፣ መጣሽ፣ መጡ ሳንል አንድ ዓረፍተ ነገር አንዘጋም። «ሴይከን ዴንሴትሱ 3»ን እንይ፦ ከስድስቱ ገጸ ባሕርያት ሦስቱ ወንዶች፣ ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ተጫዋቹ የትኛውን እንደሚመርጥ ደግሞ አይታወቅም። አንዲት ባልቴት «ደክሞሃል፣ ግባና እረፍ» ብትል ከሴቶቹ አንዷን አንጄላን ወንድ አደረገቻት። ሁሉንም በ«እርስዎ» መሸፈን ለሥራ ይቀላል፤ ነገር ግን በመንዝ መንደር አንዲት አሮጊት የልጅ ልጇ የሚሆነውን «ይግቡ» ስትል ሳቅ ይመጣል። ጽሑፉን ለብዙ ቁጥር ማድረግ፣ «ደክሟችኋል፣ ግቡ»፣ ጀግኖቹ ሦስት ሆነው ስለሚሄዱ ብዙ ቦታ ያድናል። የማያድንበት ቦታ ባልደረባዎ የተመረጠውን ገጸ ባሕርይ አይቶ ከሁለት ጽሑፍ አንዱን የሚያወጣ አዲስ መቆጣጠሪያ ኮድ ይጻፍ። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ይወስኑ፤ ሺህ መስመር ከተተረጎመ በኋላ መመለስ ቤት አፍርሶ እንደ መሥራት ነው።

ባይሆን ከእንግሊዝኛው አድናቂ ትርጉም አትተርጉሙ። ጃፓንኛ ለታላቅ፣ ለእኩያና ለታናሽ የሚናገርበት መንገድ የተለያየ ነው፤ ከእኛ አንተና እርስዎ ጋር ይዛመዳል። በእንግሊዝኛ በኩል ሲመጣ ያ ሁሉ ተፍቆ ነው የሚደርሳችሁ።

የዕቃ ስም በኮድ ሲገባ «ን»ን ተዉት፦ «ሰይፍ አገኘህ» ይበቃል፤ ለሁሉም ዕቃ ልክ ነው። የመስመር መቁረጫውንም በእጅ አስገቡ። ጃፓንኛ በቃላት መካከል ባዶ ቦታ ስለማይተው የጌሙ ፕሮግራም የትም ይቆርጣል፤ «እንደማይመለስ»ን «እንደማይመ» ላይ ሰብሮ «ለስ»ን ወደ ታች ያወርዳታል። የሱፐር ፋሚኮም ስክሪን ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 256 ነጥብ ነው፤ ባለ 16ቱ ፊደል ከሳጥኑ ጠርዝ ሲተርፍ ወደ 14 ይገባል፣ ማለትም ሦስት ቃል ግድም።

በመጨረሻ የምታወጡት የቢፒኤስ ፓቹን ብቻ ነው፤ ከነመነሻው ሲአርሲ32። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ የመተርጎም መብትም የባለቤቱ ነው። አድናቂዎች ጌሙን ሳይሆን ልዩነቱን ብቻ፣ ያለ ገንዘብ የሚያካፍሉት ለዚህ ነው፤ ይህም ቢሆን ሙሉ መከታ አይደለም። ጌም ቤት ውስጥ በሰዓት ሒሳብ ማስከፈያ ካደረጋችሁት ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ባለቤቶቹ ራሳቸው ኋላ ላይ ከተረጎሙት የአድናቂዎች ትርጉም ምን ይጠቅማል? — አረርቲ

መልስ፦ እስኪተረጉሙት ያለውን ጊዜ ይጠቅማል። «ሴይከን ዴንሴትሱ 3» በ1995 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ አድናቂዎች በ2000 ተረጎሙት፣ ይፋዊው እንግሊዝኛ የመጣው በ2019 ነው። የ1994ቱ «ላይቭ ኤ ላይቭ» በ2022 ሲመጣ እንደ አዲስ የተሠራ ሆኖ ነው፤ የመጀመሪያውን መጫወት የሚሻ አሁንም ፓች ያስፈልገዋል። በ2006 የወጣው «ማዘር 3» ደግሞ በ2008 የአድናቂዎች እንግሊዝኛ አግኝቷል፤ በ2024 በስዊች ኮንሶል የኦንላይን አገልግሎት ሲመለስም ለጃፓን ብቻ ነበር።

ጥያቄ፦ ዘመዴ ከጃፓን ባመጣልኝ ካርቶን ውስጥ ከትልቅ ካርትሪጅ ራስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ካሴት አለ። ላዩ ላይ በእጅ የተጻፈ ጽሑፍ አለበት። ሱፐር ፋሚኮሙ ላይ ሰክቼ ልየው? — አንኮበር

መልስ፦ አይሰኩት። ያ የሳተላቪው (የሱፐር ፋሚኮም የሳተላይት መቀበያ) ሚሞሪ ፓክ ይመስላል። ከኤፕሪል 1995 እስከ ጁን 2000 እ.ኤ.አ. ጌሞች በጃፓን በሳተላይት ይሰራጩ ነበር፤ ተጫዋቹ በተወሰነ ሰዓት ተቀብሎ በዚህ ፓክ ላይ ያስቀምጣቸዋል፣ ሲሞላም በላዩ ላይ ሌላ ይጽፍበታል። ስለዚህ ከስርጭቱ የቀረው በየሰው ቤት ፓክ ላይ ሳይጠፋ የተረፈው ነው። ከጌሙ ጋር በቀጥታ ይተላለፍ የነበረው የተዋንያን ድምፅና ሙዚቃ ደግሞ ፓኩ ላይ አይቀመጥም፤ በካሴት ወይም በቪዲዮ የቀዳ ሰው ካልነበረ ጠፍቷል።

ከእነዚህ ጌሞች አንዳንዶቹ የሚከፈቱበት ቁጥር የተገደበ ነው፤ በከፈቱት ቁጥር አንድ ይቀነሳል፣ ቆጣሪውም የሚጻፈው እዚያው ፓኩ ላይ ነው። ለማየት ብለው ሲሰኩት መጀመሪያ የነበረውን ይዘት ቀየሩት ማለት ነው። ፒኑን በአልኮል ያጽዱና ሚሞሪ ፓክን የሚደግፍ የካርትሪጅ አንባቢ ያግኙ፤ አርዱይኖ ሜጋ 2560 በተባለ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ የሚሠራ ክፍት ንድፍ ያለው አለ። ቮልቱ 5 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ 3.3 ለጌም ቦይ አድቫንስና ለኔንቴንዶ 64 ነው። መብራት እንዳይቋረጥ ባትሪ ባለው ላፕቶፕ ያንብቡት። ፓኩ 8 ሜጋቢት ስለሆነ የሚወጣው ፋይል 1,048,576 ባይት መሆን አለበት። ነቅለው መልሰው በመሰካት ሁለት ጊዜ ያንብቡት፤ የሁለቱ ሲአርሲ32 አንድ ካልሆነ ፒኑን ደግመው ያጽዱና ሦስተኛ ያንብቡ። በላዩ ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍም ከማጽዳትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት፤ አልኮሉ ቀለሙን ይወስደዋል።